ፊርዶስና የቀትር ቅጠሎች

ድሬ ዳዋ ውስጥ በቀትር ሲሠራ ያያችሁት ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ጤና የለውም። ስድስት ሰዓት ካለፈ ባለሱቁ መዝጊያውን ይጥላል፣ ባጃጁ ኒም ዛፍ ሥር ይቆማል፣ ሰውም ሽርጡን አገልድሞ ጥላ ፍለጋ ይገባል። ፀሐይዋ ዘንበል ብላ የዐስር ሶላት እስኪሰገድ ድረስ ከተማዋ የሰው አይደለችም። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፤ ከተጻፉት ሁሉ በላይ የሚከበረው ግን እሱ ነው። ስለዚህ የገንደ ቆሬ ሰፈር ሰዎች ፊርዶስን በጠራራ ቀትር፣ እርጥብ ፎጣ ራሷ ላይ ጥላ፣ ሰላጣ ፎቶ ስታስነሳ ባዩ ጊዜ “አላህ ያሽራት” ቢሉ አይፈረድባቸውም። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምለው።

ፊርዶስ የባቡር ሠራተኛ የነበረው ባሏ ከሞተ በኋላ እሱ በሠራላት ግቢ የምትኖር፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። “ናት” ማለቴ ከንቀት አይቆጠርብኝ። ድሬ አንቱታ አታውቅም፤ ሼኩንም ሹሙንም “አንተ” ነው የምትለው። እኔም የከተማዋን ወግ ለፊርዶስ ብዬ አልለውጥም፤ ብለውጠውም የምትስቅብኝ እሷው ናት።

ገና በወጣትነቷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብታ ዕድሜዋን የፈጀችው በማየት ነው። ከሥሩ መብራት በበራበት የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ ሳያቋርጥ ያልፋል፤ እሷ ቆማ እንከን ትፈልጋለች። የተበጠሰ ክር፣ የዘይት ጠብታ፣ የላላ ድር። ሥራውን ያሳየቻት ነባር ሠራተኛ “እንከን ማለት እንዲህና እንዲያ ነው” ብላ አላስረዳቻትም። “ይኸው፣ ይሄ ነው። ይሄም ነው። ይሄ ግን አይደለም” እያለች ብዙ ወር አጠገቧ አቆመቻት። ከዚያ አንድ ቀን ዓይኗ ራሱ ያውቅ ጀመር። እንዴት እንዳወቀ ብትጠየቅ የምትመልሰው አልነበራትም።

ከፋብሪካው ከወጣች በኋላ ያን ዓይን ይዛ ቤት መቀመጥ አላስቻላትም። ለሴቶች የተሰጠ ሥልጠና ላይ አትክልት ያለ አፈር እንደሚበቅል ሰማች፤ ሌሎቹ ሲስቁ እሷ አላሳቃትም። ግቢዋ ውስጥ በጎናቸው የተበሱ ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧዎች በእንጨት ቆጥ ላይ ደረደረች። በየቀዳዳው ትንሽ ኩባያ ተቀመጠች፣ በየኩባያው ሰላጣና ቆስጣ በቀለ፤ ሥራቸው ቧንቧው ውስጥ፣ ምግብ በተበጠበጠበት ውሃ ተንጠልጥሎ ያድጋል። ውሃው ሙቀት እንዳይነካው መሬት ከተቀበረ በርሜል ይነሣል፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዞሮ ተመልሶ እዚያው በርሜል ይገባል። ከላይ የጥላ መረብ ተወጥሯል። የድሬ ውሃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ (የማን ቤት ማንቆርቆሪያ ነው ነጭ ቅርፊት ያልያዘው?) ቧንቧውን በየጊዜው መፋቅ፣ ውሃውን ማለዘብ ይጠይቃል። እሷ ሁሉንም ተማረች። ጥቂት ዓመት ሳይሞላ ቀፊራ ገበያ ላይ “የፊርዶስ ሰላጣ” ሳይገለበጥ የሚገዛ ሆነ።

ታዲያ የዚህ አሠራር ክፋቱ እዚያው ደግነቱ ውስጥ ነው። ሁሉም የሚጠጡት ከአንድ በርሜል ነው። አንዷ ሥሯ ከታመመ ውሃው በሽታውን ለሁሉም ያድላል። መጀመሪያ የሚታየው ቅጠሏ ላይ ትንሽ የቢጫ ጥላ ናት፤ ያቺን ያየ ተክሏን ነቅሎ ሌሎቹን ያተርፋል፣ ያላየ ደግሞ ግቢው ሲሸት ይነቃል። አምና ፊርዶስ ግቢው ሲሸት ነቃች። ቧንቧዎቹ ሁሉ ባዶ ቀሩ። ጎረቤቱ “ሙቀቱ ነው” አለ፤ እሷም “ሙቀቱ ነው” አለች።

ሙቀቱ አልነበረም። የቆየባት የስኳር በሽታ የዓይኗን ጀርባ እየበላው ነበር። ትልልቁ ነገር ይታያታል፦ በሩ፣ ቧንቧው፣ የሰው ቁመት፣ ቀለም። ረቂቁ ግን ጠፍቷል፤ የሰው ፊት ታያለች፣ የማን እንደሆነ የምታውቀው ግን ሲናገር ነው። ስለዚህ መላ ዘየደች፦ ያገኘችውን ሁሉ ቀድማ “አቦ ሰላም ነው?” ትላለች፤ ሲመልስ በድምፁ ትለየዋለች። ሰፈሩም “ፊርዶስ ደግ ሆነች፣ ሰላምታ አበዛች” አለ እንጂ የጠረጠረ የለም። ዕድሜ ልኳን በዓይኗ የተከበረች ሰው “አላይም” ማለት እንዴት እንደሚከብዳት ለመረዳት ፈላስፋ መሆን አያስፈልግም።

የጠረጠረ አንድ ሰው ነበር፤ ወንድሟ ሙመድ። ሙመድ ከድሬ ውጭ ቢዮ አዋሌ የሚኖር የከብትና የፍየል ነጋዴ ነው፤ ልጁ ሙኒያ ድሬ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ፊርዶስ ጋ አስቀምጧታል። የሙኒያ መመረቂያ ሲቃረብ መጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና ነገሩን ሳያዞር ተናገረ።

“ሙኒያ ሥራ ይዛ መሄዷ ነው። ብቻሽን አትቀሪም። ከዐረፋ በኋላ መኪና ይዤ መጥቼ እወስድሻለሁ።”

“ጓሮዬንስ?”

“ጓሮሽ በሕይወት ካለ ቅሪ፤ ወላሂ አልነካሽም። እንዳምናው ከሞተ ግን ከባዶ ቧንቧ ጋር ትቼሽ አልሄድም።”

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቢዮ አዋሌም ክፉ አገር አልነበረም። ግን ፊርዶስ እዚያ ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች፦ ጥላ ሥር የተነጠፈ ምንጣፍ፣ ምግብ የምታቀብል የወንድም ሚስት፣ ወደ ሽንት ቤት የሚመራ እጅ። መጦር ይሉታል።

ሙኒያ ለመመረቂያ ሥራዋ ያሰበችውን የነገረቻት በዚያው ሰሞን ነው። የአባቷ እህት ናትና በኦሮምኛው ወግ “አዳዳ” ነው የምትላት።

“አዳዳ፣ የታመመ ቅጠል የሚለይ ስልክ ልሠራ ነው። በጓሮሽ ላይ ልሞክረው?”

“ስልክ ከመቼ ወዲህ ነው ስለ ሰላጣ የሚያውቀው?”

“ምንም አያውቅም። ቅጠል ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። የጤነኛውን ብዙ ፎቶ፣ የታመመውን ብዙ ፎቶ አሳየዋለሁ። ‘ይሄ ደህና ነው፣ ይሄ ታሟል’ እለዋለሁ። ልዩነቱን ፈልጎ የሚያገኘው ራሱ ነው። ማሽን ለርኒንግ የሚሉት ይሄን ነው።”

ፊርዶስ ሳቀች። “ይሄማ ፋብሪካ እኔን ያስተማሩበት ነው!” አለች። የመስታወቱን ጠረጴዛ፣ “ይሄ ነው፣ ይሄ አይደለም” የምትለዋን ሴት ነገረቻት። ሙኒያ አክስቷ ነገሩን እንዲህ ቶሎ መቀበሏ ገረማት። የፊርዶስን ልብ ግን አላወቀችም። ፊርዶስ ያየችው የመመረቂያ ሥራ አይደለም፤ ያየችው ዓይን ነው። እሷ የማታየውን የሚያይላት፣ ማንም ሳይነቃባት ጓሮዋ የሚቆምበት ዓይን።

ተያያዙት። ሰላጣ የሚቆረጠው ከፈጅር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ነው፤ ሙኒያ ለገበያ የሚሄደውን ጤነኛ ቅጠል እየቆረጠች እዚያው ፎቶ ታነሳለች። ከዚያ ትምህርት አለ፣ ከዚያ ቀትር ይመጣል፣ ከተማው ይተኛል። ዐስር ሲሰገድ ተነሥተው ጓሮ ያጸዳሉ፤ የታመመውን ለቅመው ያወጣሉ፣ የሱንም ፎቶ ያነሳሉ። ወራት እንዲህ አለፉ። ስልኩ ተማረ። ሲፈተን ከመቶ ዘጠና ምናምኑን በትክክል መለሰ፤ ሙኒያ ደስ ብሏት ግቢው ውስጥ ዘለለች። አክስቷ ማንበብ ሳያስፈልጋት እንድትሰማው ብላ መልሱን በራሷ ድምፅ ቀዳችበት፦ “ደህና ናት”፣ “ታማለች”። ከዚያ ለሥራ ልምምድ አዳማ ሄደች፤ ፊርዶስና ስልኩ ለብቻቸው ቀሩ።

ፊርዶስ በሕይወቷ እንደዚያን ሰሞን ኮርታ አታውቅም። ማለዳ ስልኩን በቧንቧዎቹ ላይ ታሳልፋለች፤ የሙኒያ ድምፅ “ደህና ናት፣ ደህና ናት፣ ደህና ናት” ይላል። “አልሐምዱሊላህ” እያለች ትቆርጣለች፤ ጎረቤቷ ሹክሪ በባጃጁ ቀፊራ ያደርስላታል። ከዐስር በኋላ ስታዞረው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ “ታማለች፣ ታማለች፣ ታማለች።” አምና የሞተባት ጓሮ ትዝ ይላትና ልቧ ይደነግጣል፤ ስልኩ ያለውን ሁሉ እየነቀለች ለሹክሪ ፍየሎች ትጥላለች።

“ፊርዶስ! አቦ፣ ፍየሎቼን ሣር አስጠላሻቸው!” አለ ሹክሪ አንድ ቀን። “አሁንማ ገለባ ሳቀርብላቸው ገልመጥ አድርገውኝ ያልፋሉ።”

እሷ አልሳቀችም። ቧንቧዎቿ እየሳሱ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ በሽታ አወጣለሁ ስትል ጤናውን እያወጣች መሆኗን ማን ይንገራት? ዓይኗ አይነግራትም፤ ሌላ ሰው እንዳትጠይቅ ደግሞ ምሥጢሯ ይወጣል።

የነገራት ቀፊራ ነው። አንድ ማለዳ ቅርጫቷን ይዛ ከሹክሪ ባጃጅ ወርዳ ፋዱማ ጋ ደረሰች። ፋዱማ ሰላጣዋን ከመጀመሪያው ጀምሮ የምትሸጥላት የአትክልት ነጋዴ ናት፤ አፏ የማያርፍ፣ ዓይኗም እንደ አፏ የሆነ ሴት። እርጥቡን ጆንያ ገለጠችና አፏ ድንገት አረፈ። አንዱን እግር ሰላጣ አነሣች፣ ሌላውን አነሣች። ከዚያ ሌሎቹ ነጋዴዎች እንዳይሰሙ ጠጋ ብላ፣

“ፊርዶስ፣ ይሄን ያንቺ ዓይን ነው ያሳለፈው?” አለች።

“ምን ሆነ?”

“ምን ሆነ ትያለሽ? ቢጫ ነጠብጥቦበታል! ጫፉ ነዷል፣ የተቆረጠበትም ቡናማ ሆኗል።”

ፊርዶስ “ሙቀቱ ነው” አለች።

ፋዱማ ቅርጫቱን መልሳ ሸፍና በእግሯ ጠረጴዛው ሥር ገፋችው፤ ያን ቀን “የፊርዶስ ሰላጣ አልመጣም?” ብሎ የጠየቀውን ገበያተኛ ሁሉ በሌላ ጨዋታ ታልፈው ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የፊርዶስ ስም ግን እሷ በቁሟ እያለች ጠረጴዛ ሥር ገባ።

ሙኒያ ከአዳማ ስትመለስ ግማሹ ቧንቧ ባዶ ነበር። ዐረፋ ደርሷል። “ስልኩ ያለኝን ነው ያደረግሁት” አለች አክስቷ። ሙኒያ አላመነችም። አንዲት ጤነኛ ሰላጣ መረጠችና ማለዳ አሳየችው፤ “ደህና ናት” አለ። ያቺኑ ሰላጣ፣ ያቺኑ ቅጠል፣ ከዐስር በኋላ አሳየችው፤ “ታማለች” አለ። የራሷ ድምፅ ራሷን ሲዋሻት ሰምታ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

በማግስቱ ከሰዓት ደጃፉ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ሁሉ አሳንሳ አንድ ላይ ደረደረቻቸው፤ ጤነኞቹ በግራ፣ ታማሚዎቹ በቀኝ። አንድ በአንድ እየተጠጋች ቅጠል ስትመረምር ዓይኗ ደም መሰለ። ፊርዶስ በወተት የፈላ ሻይ ይዛላት መጣችና ከኋላዋ ቆመች።

“አዳዳ፣ ዓይንሽ ከኔ ይሻላል። የፋብሪካ ዓይን ነው። እስቲ እይልኝ፣ ቅጠሎቹ ላይ የሳትኩት ምንድን ነው?”

ፊርዶስ ጎንበስ አለች። “ሙቀቱ ነው” የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ አምና አገልግሏት ነበር፣ ቀፊራም አገልግሏት ነበር። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ይህን ደግሞ ከእሷ የበለጠ በውድ የገዛው ሰው አልነበረም። ሻዩን መሬት አስቀመጠችው።

“የቱን ቅጠል?”

“ይኸውልሽ፣ ስክሪኑ ሙሉ ቅጠል ነው።”

“እኔ ቅጠል አይታየኝም፣ ሙኒያ።”

ሙኒያ ዞር ብላ አየቻት። መጀመሪያ ቀልድ መሰላት፤ የአክስቷን ፊት ስታይ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባት። “ከመቼ ጀምሮ?” አለች በሹክሹክታ።

“ከአምናው በፊት ጀምሮ። አምናም ጓሮዬ የሞተው ለዚሁ ነው።”

ፊርዶስ ወሬ ለመለወጥ ያህል ጣቷን ወደ ስክሪኑ ዘረጋች፦ “የሚታየኝን ልንገርሽ ከፈለግሽ፣ ቀለም ነው። በዚህ በኩል ያለው ሁሉ ሰማያዊ ብሏል። በዚያ በኩል ያለው ሁሉ ቢጫ ብሏል። ይሄኛው ፈጅር ነው፣ ያኛው ዐስር ነው። ሌላ የሚታየኝ የለም።”

ሙኒያ ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። ዓይኗን አጥብባ፣ ቅጠሎቹ እስኪደበዝዙባት ድረስ አጠበበችው። በግራ በኩል ፀሐይ ያልወጣበት የማለዳ ብርሃን፣ በቀኝ በኩል ያዘነበለች የዐስር ፀሐይ። ጤነኛው ሁሉ በፈጅር፣ ታማሚው ሁሉ በዐስር። በመካከል ቀትር አለ፤ በቀትር ደግሞ ድሬ ተኝታለች፣ እነሱም ከድሬ ጋር ተኝተዋል። ስልኩ በጣም ጥሩ ተማሪ ነበር፤ የሰጡትን በሚገባ ተምሯል። የተማረው ግን ቅጠል አይደለም፣ ሰዓት ነው። ጠዋት ከሆነ ደህና ናት ይላል፣ ከሰዓት ከሆነ ታማለች ይላል። በሌላ አገር እየዋለ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም፤ ይህን ለመሳሳት የድሬ ልጅ መሆን ያስፈልጋል።

“አዳዳ!” ብላ ጮኸች ሙኒያ። “ስልኩ የሚያየው እኮ ልክ አንቺ የምታይውን ነው!” ተነሥታ አቀፈቻት፣ ሳቀች፣ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ፤ ያለቀሰችውም ለፎቶው አልነበረም። ፊርዶስ ጀርባዋን እየመታች “በቃ፣ በቃ፣ ሻዩ በረደ” ትላለች። ያን ያህል ዘመን የተሸከመችው ነገር ወርዶ መሬት ላይ፣ ከሻዩ ብርጭቆ አጠገብ የተቀመጠ ያህል ቀለላት።

ሙኒያ ያን ሳምንት ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሐኪሙ የሄደው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን ስኳሯን ካስተካከለችና ክትትል ካደረገች ማቆየት እንደሚቻል ነገራት። ፊርዶስ ከዚህ የተሻለ አልጠበቀችም ነበር፤ የባሰ ግን ጠብቃ ነበር። ለሙመድ ራሷ እንደምትነግረው ሙኒያን አስማለቻት።

ከዚያ ቀትር መጣ።

ስልኩ እንደገና መማር ነበረበት፤ ጤነኛውንም ታማሚውንም በማለዳ፣ በረፋድ፣ በቀትር፣ በዐስር እያየ፣ ብርሃኑ ምንም ቢሆን ቅጠሏን እንዲያይ። ዐረፋ አልፎ ሙመድ ሊመጣ የቀረው ጊዜ ደግሞ አጭር ነበር። መጀመሪያ ሁለቱ ብቻ ወጡ፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማ፣ ቧንቧው እጅ እያቃጠለ። ሹክሪ ባጃጁ ውስጥ እግሩን አውጥቶ ተኝቶ ነበር። በአንድ ዓይኑ አያቸው።

“ጂን ነው ወይስ ሰው?”

“ሰው ነው፤ ተነስና አንሶላ ያዝልን!” አለች ፊርዶስ።

እያጉረመረመ መጣ። ነጩን አንሶላ ወጥሮ ጥላ ሲፈለግ ጥላ፣ ብርሃን ሲፈለግ ብርሃን ሆነ። ለስልኩም ከባጃጁ የስልክ መያዣውን ነቅሎ እንጨት ላይ አሰረላቸው፤ እጅ ሳይንቀጠቀጥ በቧንቧው ላይ እንዲንሸራተት። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ፋዱማ መደብሯን ዘግታ ከቀፊራ መጣች። ፊርዶስ ገበያው ድረስ ሄዳ “ያን ዕለት ያሳለፈው ዓይኔ አይደለም፤ ዓይን የለኝም” ብላት ነበር። ፋዱማም በቀትር ደርሳ በሩን አንኳኳች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ እነዚህ አራት ብቻ ናቸው፣ ግን በቀትር የተነሡ አራት የድሬ ሰዎች ከሃምሳ አያንሱም።

ፋዱማ እያንዳንዷን ቅጠል እየገለበጠች ትፈርዳለች። “ይቺ ታማለች። ይቺ ደህና ናት። ይቺ...” አለችና አመነታች። ሰላጣዋ ክንፏን ጥላ፣ ተልፈስፍሳ ወድቃለች።

“ውሃ ውስጥ ጣትሽን ክተቺ” አለች ፊርዶስ። “ሥሯ ይሸታል?”

“አይሸትም።”

“እንግዲያው ተኝታለች። ሰላጣም የድሬ ልጅ ነው፤ በቀትር ይተኛል። ዐስር ሲሆን ትነሣለች።”

ዐስር ሲሆን ተነሣች። ስልኩ ከተማራቸው ነገሮች ሁሉ ለፊርዶስ ልብ የቀረበው ይህ ነው፦ የደከመ ሁሉ አልታመመም። ሙኒያ ይህን ለማስተማር ስንት የተልፈሰፈሰ ሰላጣ ፎቶ እንዳነሳች እሷው ታውቃለች።

ሙመድ መኪናውን ይዞ የመጣ ዕለት ገመድም ይዞ ነበር፤ የፊርዶስን አልጋና ሣጥን ሊያስርበት። ገብቶ ሳይቀመጥ እህቱ ነገረችው።

“ሙመድ፣ ዓይኔ ሄዷል። ከሩቅ የምለይህ በድምፅህ ነው።”

እሱ አንገቱን ደፋ። “ጠርጥሬ ነበር” አለ። “እንግዲያው ነገሩ አበቃ። ተነሺ፣ ዕቃሽን እንጫን።”

“ጓሮዬ በሕይወት ካለ ቅሪ ብለህ ምለሃል።”

“ዓይን ሳይኖርሽ ነገ ይሞታል!”

“ና፣ እይ።”

እንጨቱን አንሥታ ስልኩን በቧንቧው ላይ ታንሸራትት ጀመር። ጊዜው ወደ ቀትር ነበር። “ደህና ናት” አለ የልጁ ድምፅ ከስልኩ፤ ሙመድ ድንግጥ ብሎ ሙኒያን አያት፤ እሷ አፏን ገጥማ ቆማለች። “ደህና ናት። ደህና ናት። ታማለች።” ፊርዶስ ቆመች። ሙመድ ጎንበስ ብሎ አየ። አረንጓዴ ቅጠል ነው። በሩቅ የፍየል ጥርስ ቆጥሮ ዕድሜ የሚናገር ሰው፣ አገላብጦ አየና፣

“ምንም የላትም። ይሄ ነገር ይዋሻል” አለ።

ፊርዶስ ኩባያዋን ከቀዳዳው መዝዛ ሥሩን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ ከዚያ ወደ እሱ። ነጭ መሆን የነበረበት ሥር ጫፉ ቡናማ ሆኖ ሊበሰብስ ጀምሯል። ሙኒያ ቅጠሏን ገልብጣ ብርሃን ላይ ያዘችለት፤ በቅጠሏ ጅማቶች መካከል፣ ለማየት ፈልጎ ካልሆነ የማይታይ፣ የቢጫ ጥላ። የአምናው ጓሮ ገዳይ ገና ሳትጀምር ተያዘች።

ስልኩ አዋቂ ሆኗል ልላችሁ አልፈልግም። የወፍ ኩስ ያረፈበትን ቅጠል ዛሬም “ታማለች” ይላል፤ ያኔ ፊርዶስ በጣቷ ጠርጋ “አንተ ራስህ ታመሃል” ትለዋለች። ዓይኗም አልተመለሰም፣ አይመለስምም። ግን አይታየኝም ብላ የተናገረችበት ቀን ጓሮዋን ያዳነችበት ቀን መሆኑን እኔ ለማንም እመሰክራለሁ፤ በዕድሜ ዘመኗ ካየችው እንከን ሁሉ ትልቁን ያየችው ማየት ባቃታት ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሰፈሬ ውስጥ መኖሩ ያኮራኛል።

ሙመድ የተነቀለችውን ሰላጣ ከእህቱ እጅ ተቀበለ። ወንድ ልጅ መሐላውን ሲያስታውስ ፊቱ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ።

“ዓይን እያለኝ አላየኋትም” አለ በመጨረሻ። “ታዲያ ይሄን ሁሉ መንገድ ባዶ መኪና ነድቼ ልመለስ?”

“ማን ባዶ አለህ? የቀፊራው ሰላጣ ማለዳ ተቆርጦ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኗል። ፋዱማ ትጠብቃለች፣ ሹክሪ ደግሞ ተኝቷል።”

ሙመድ ሙኒያን አየ፣ ሰማዩን አየ፤ ከዚያ ቅርጫቶቹን አንድ በአንድ ተሸክሞ መኪናው ላይ አወጣ። ለእህቱ አልጋ ያመጣውን ገመድ ፈትቶ አሰራቸው። ሞተሩን ሲያስነሣ ፊርዶስ በድምፁ አቅጣጫ ወደ መኪናው ቀረበች።

“ሙመድ! ስትመለስ ገመዱን ተውልኝ። የጥላው መረብ ላልቷል።”